ጠጠር የፈነቀለውን የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ መጠገን

የመኪናችሁን ኮፈን ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ለፊት እዩት። ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ኋላ ብዙ የሚሄድ መኪና ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ጠጠር የፈነቀላቸው ትናንሽ ነጥቦች አይጠፉም። አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ግራጫ ነው። መሐሉ ቡናማ የሆነ ካለ ዝገት ጀምሯል ማለት ነው።

ይህን ይዛችሁ ጋራዥ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ "ኮፈኑ ሙሉውን ይቀባ" የሚል ነው። ዋጋው ይቅርና እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ባዶው ቦዲ ፀረ ዝገት ቀለም የሞላበት ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ይህን ሥራ ሰፈር ያለ ጋራዥ ሊደግመው አይችልም። ለጥቂት ነጥብ ብሎ ጤነኛውን የፋብሪካ ቀለም ማስፋቅ ትልቅ ኪሳራ ነው። ነጥቡን ብቻ ለይቶ ማከም ይሻላል፤ ደግሞም ቤት ውስጥ የሚቻል ሥራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያለውን መኪና ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይበልጥ ያዋጣል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የዚህ ጥገና ዋና ዓላማ ብረቱን ከውሃና ከአየር መዝጋት ነው። በደንብ ከተሠራ ከአንድ ሁለት ሜትር ርቀት አይታይም። ተጠግቶ የሚፈልገው ሰው ግን ያገኘዋል። በዚህ ከተስማማን እንቀጥል።

ጉዳቱ የት ድረስ ደርሷል?

የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው። ከላይ ክሊር የምንለው ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን አለ። ከሥሩ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከዚያ ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው ፕራይመር፣ ከዚያ ፀረ ዝገቱ፣ መጨረሻ ላይ ላሜራው ይመጣል። ከላሜራው በላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ይህ ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ክሊሩ ብቻውን 40 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። ይህን ቁጥር አትርሱት፤ ብርጭቆ ወረቀት ስንይዝ እንፈልገዋለን።

ጥፍራችሁን በጉዳቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉት። ጥፍሩ ካልተያዘ ጉዳቱ ክሊሩ ላይ የቀረ ጭረት ነው። ቀለም አያስፈልገውም፤ ፖሊሽ ብቻ ይበቃዋል። ጥፍሩ ከተያዘና ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ነገር ከታየ ፕራይመሩ አለ፣ ብረቱም ገና አልተገለጠም። ይህ ቀላሉ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየ ፕራይመርም ያስፈልጋል። ቡናማ ከሆነ ከሁሉ በፊት ዝገቱ ይውጣ።

ባምፐሩ ለብቻው ይታይ። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም። እዚያ ላይ ጥገናው ለመልክ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ካጠራችሁ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውንና የጣሪያውን የፊት ጠርዝ አስቀድሙ።

ትክክለኛውን ቀለም ማግኘት

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። "ነጭ ስጠኝ" ብሎ ቀለም አይገዛም። ቶዮታ ብቻውን በርካታ ነጭ አለው። 040 የሚባለው ቀጥ ያለ ነጭ ነው። 070 ደግሞ የዕንቁ ዓይነት ነጸብራቅ ያለው፣ በሦስት ደረጃ የሚቀባ ነጭ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ኮዱ መኪናው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቶዮታ ላይ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ ያለውን ሰሌዳ ወይም ስቲከር ተመልከቱ። ሲ/ቲአር (C/TR) የሚል መስመር አለ። ከመስመሩ በስተቀኝ መጀመሪያ የሚመጡት ሦስት ፊደልና ቁጥሮች የውጭ ቀለሙ ኮድ ናቸው። የሚከተሉት የወንበሩና የውስጡ ናቸው። ለምሳሌ 1ኤፍ7 ብዙ ጊዜ የምናየው ብርማ ቀለም ነው፤ 202 ጥቁር ነው። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው በመጡ እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ሰሌዳው አንዳንዴ ኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩን ከውስጠኛው ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ ይገኛል። በቮልስዋገን መኪኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላ ሻንጣው ውስጥ፣ መለዋወጫ ጎማው ከሚቀመጥበት አካባቢ የተለጠፈ ስቲከር ላይ ፈልጉት።

ኮዱ የሚያገለግለው ግን መኪናው ከዚህ በፊት ካልተቀባ ነው። አገራችን ውስጥ ካሉት አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ክፍላቸው ተቀብቷል። እንዴት ይታወቃል? በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ፣ የበሩን ማጠፊያ ብሎኖችና የኮፈኑን የውስጥ ጠርዝ ተመልከቱ። ቀለም የተረጨበት ጎማ ወይም ቀለሙ የተሰነጠቀ የብሎን ራስ ካያችሁ መኪናው ተቀብቷል። በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ አንድ የተደበቀ ቦታ አሹት። ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ላዩ ላይ ክሊር የለም።

መኪናው የተቀባ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ቆሞ ከደበዘዘ፣ የነዳጅ መሙያውን ትንሽ በር ፈታችሁ ቀለም ወደሚበጠብጥ ሱቅ ውሰዱት። ባለሙያው ኮዱን መነሻ አድርጎ እያየ ያስተካክለዋል። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ሶማሌ ተራና አካባቢው የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሁሉ የሚሄድበት ነው፤ ቀለም በጥባጮችንም ከዚያ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ በጣም ጥቂት ስለሆነ ሊሸጡላችሁ የሚችሉትን ትንሹን መጠን ጠይቁ። ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ።

ውጭ ያለ ዘመድ በኮዱ የተዘጋጀ ትንሽ የማስተካከያ ቀለም በቀላሉ ገዝቶ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል። ችግሩ ማምጣቱ ላይ ነው። ተቀጣጣይ ቀለምም ሆነ የሚረጭ የቀለም ጣሳ በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ መጫን ክልክል ነው። ዘመዳችሁን ችግር ውስጥ አታስገቡት።

የጥፍር ቀለም ይሆናል የሚሉም አሉ። አይሆንም። መልኩ አይገጥምም፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ በኋላም ማስለቀቁ ተጨማሪ ሥራ ነው።

ዕቃው

ብዙ አይደለም። ቀለሙ፣ ትንሽ የብረት ፕራይመር፣ ክሊር፣ አልኮል፣ ላርጎ፣ ሁለት ሦስት ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ስቴኪኒ፣ በጣም ቀጭን የሥዕል ብሩሽ፣ ጓንትና ፖሊሽ። ብርጭቆ ወረቀት ከ400፣ ከ1000፣ ከ2000ና ከ3000 ቁጥር አንዳንድ። ከ1000 ጀምሮ ያሉት በውሃ የሚሠራባቸው ዓይነት ይሁኑ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል።

ክሊር ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጋራዥ ውስጥ የሚረጨው ክሊር ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ነው። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ሲረጭ ወደ ሳንባ ከገባ አስም የሚያስከትል ነው። ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት ግቢ፣ ይህን አትርጩ። ለነጥብ ጥገና ማጠንከሪያ የማይፈልገው፣ በብሩሽ የሚነካው ክሊር ይበቃል።

ቀኑና ቦታው

ክረምት ላይ አትጀምሩ። እርጥበት ቀለም ሥር ከገባ ቀለሙ ነጣ ብሎ ይደርቃል፣ አይጣበቅምም። ከመስከረም በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ጥሩ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ብትጀምሩ ጤዛው ጠፍቷል፣ ንፋሱም ገና አልተነሳም። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን እጅ ያቃጥላል፤ እንዲህ ያለ ብረት ላይ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል። 20 ዲግሪ አካባቢ ተስማሚ ነው።

አየር የሚገባበት ቦታ ሁኑ። ቀለምና ቲነር ተቀጣጣይ ናቸው፤ ጭሳቸው ባይታይም እሳት ይስባል። አጠገባችሁ ቡና ሊፈላ ከሰል ከተያያዘ ወይ ምድጃው ይራቅ ወይ ሥራው ይቆይ።

ማጽዳት

አብዛኛው የጥገና ውጤት የሚወሰነው ቀለሙ ገና ሳይከፈት ነው። ላቫጆ የታጠበ መኪና ለዚህ ሥራ ንጹሕ አይደለም። ሰምና ማብረቂያ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰም ላይ ቀለም አይዝም።

የምትሠሩበትን ክፍል በላርጎ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። ላርጎ ለዘወትር የመኪና እጥበት አይመከርም፤ ሰሙን ስለሚያነሳ ነው። ዛሬ ግን የምንፈልገው እሱን ነው። በደንብ አለቅልቁና ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ነጥቡ ውስጥ ውሃ ይቀራልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት።

አሁን ስቴኪኒ ያዙና የነጥቡን ጠርዝ በቀስታ ቆርቁሩ። ሊለቅ የተዘጋጀ ቀለም ካለ አሁን ይልቀቅ። ጠርዙ ላይ ከፍ ብሎ የቀረ ቅርፊት ላይ ብትቀቡ ከጥቂት ወር በኋላ አዲሱን ቀለም ይዞት ይነሳል።

ቀጥሎ ያለው ዘዴ ብዙ ቀለም ያድናል። ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ ውሰዱ። ከ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላጲሱን የሚያህል ክብ ቁረጡና ላጲሱ ላይ በሙጫ ለጥፉ። ውሃ እያስነካችሁ ነጥቡ ላይ ብቻ፣ በጣም በለሆሳስ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክሩት። ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ክሊር ግን አይነካም። በጣት ይዛችሁ ብትፍቁ ግን ጣት የሚያህል የደበዘዘ ቦታ ትፈጥራላችሁ።

መጨረሻ ላይ አልኮል በነካው ጨርቅ ጥረጉት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቆዩ። በቤንዚን አታጽዱ፤ ቅባት ይተዋል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው። በቲነርም አታጽዱ፤ በተለይ ጋራዥ የተቀባ መኪና ከሆነ ቀለሙን ያለሰልሰዋል። ከዚህ በኋላ ቦታውን በጣት አትንኩ።

ዝገት ካለ

ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን አያቆመውም። ከላይ ያምራል፤ ከሥር መስፋፋቱ ይቀጥላል። ስለዚህ በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ ቡናማውን ፋቁ። ከዚያ ከ400 ቁጥር ወረቀት ትንሽ ቁራጭ አጥፋችሁ በማዕዘኑ አሹት። የምትፈልጉት ንጹሕ፣ የሚያበራ ብረት ነው። ዝገት ዳር ዳሩን ቀለሙ ሥር ይሄዳልና፣ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ወደ ቀለሙ ሥር ሲገባ ካያችሁ ተከተሉት፤ ነጥቡ ቢሰፋም ይስፋ።

ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን ለማከም ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መለወጫ በስቴኪኒ ጫፍ መንካት ይቻላል። ጓንት አድርጉ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ፣ የተረፈውን እዚያው እንደታዘዘው አጽዱና አድርቁ። የተገለጠ ብረት አያድርም። በዚያው ቀን ፕራይመር ይቀባ።

ቀለሙ ሳይፈነቀል እንደ ጉርብጥ ያበጠ ቦታ ካለ ዝገቱ ከውስጥ ነው የመጣው። እሱ የቤት ሥራ አይደለም።

ፕራይመርና ቀለም

ፕራይመር የሚያስፈልገው ብረት የተገለጠበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ወስዳችሁ መሐሉን ንኩ። ብረቱን ሸፍኖ ከቀለሙ ደረጃ በብዙ ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። ለቀለሙና ለክሊሩ ቦታ እንተውላቸው። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቀዝቃዛ ቀን ከሆነ ከዚያ በላይ ይድረቅ። ባምፐር ላይ ይህ የብረት ፕራይመር አይሠራም፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከታየ ለፕላስቲክ የተሠራውን ማጣበቂያ ፕራይመር ተጠቀሙ።

ቀለሙን ከመክፈታችሁ በፊት ብልቃጡን አንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ ነቅንቁ። ብርማና አብረቅራቂ ቀለሞች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ቅንጣት ታች ይዘቅጣል። ሳይነቀነቅ የተቀባ ብርማ ቀለም ጠቆር ያለ ግራጫ ይሆናል። መጀመሪያ በአንድ የጣሳ ክዳን ላይ ሞክሩት። እስኪደርቅ ጠብቁና በቀን ብርሃን ከመኪናው አጠገብ ያዙት። እርጥብ ቀለምና ደረቅ ቀለም አንድ መልክ የላቸውም፤ በእርጥቡ አትፍረዱ።

አሁን ወደ ነጥቡ። የፋብሪካ ብልቃጦች ክዳን ላይ ያለው ብሩሽ ብዙ ጊዜ ትልቅ ነው። እሱን ተዉትና ስቴኪኒ ወይም ቀጭኑን የሥዕል ብሩሽ ያዙ። ጫፉን ብቻ ቀለም አስነክታችሁ ትርፉን ብልቃጡ አፍ ላይ ጥረጉ። የነጥቡን መሐል ንኩና እጃችሁን አንሱ። አትጎትቱት። ቀለሙ ራሱ ወደ ጠርዙ ሲሄድና ጠርዙ ላይ ሲቆም ታዩታላችሁ። መሐሉን ሞልቶ ዳር ካልደረሰ ሌላ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። ከጠርዙ አልፎ ጤነኛው ቀለም ላይ ከወጣ ብዙ ነው፤ ሳይደርቅ በጨርቅ ጫፍ አንሱት።

አንድ ጊዜ አይበቃም፤ አንዴ መሙላትም አይገባም። በወፍራሙ የተቀባ ቀለም ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በኋላም ይሰረጎዳል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ሲተን ቀለሙ ስለሚቀንስ፣ ሞልቶ የነበረው ነጥብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎድጎድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያኔ ሁለተኛውን ቀቡ። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ስስ ሽፋን ያስፈልጋል። ሥራው ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ቢመስልም እጅ የሚነካው በየመሐሉ ለደቂቃ ነው። ሌላ ሥራችሁን እየሠራችሁ ተመለሱበት።

ቀለሙ ከዙሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። የዕንቁ ነጭ ላላቸው ደግሞ ነጩ መሠረትና የሚያብረቀርቀው መሐለኛ ሽፋን ለየብቻ ይቀባሉ። በብሩሽ ሙሉ በሙሉ ማመሳሰል አስቸጋሪ ነው፤ ነጩን ሞልታችሁ ክሊር ብትደርቡበት እንኳ ከተከፈተ ብረት በእጅጉ ይሻላል።

ክሊሩ

ቀለሙ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ቀን ይደር። ከዚያ ክሊሩን በዚያው መንገድ፣ በጠብታ ንኩ። እዚህ ላይ ከዙሪያው በጣም ትንሽ ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው፤ እሱም ሲደርቅ ይቀንሳል። መኪናው ክሊር የሌለው፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ የተቀባ ከሆነ ክሊር አያስፈልግም። በቀለሙ ደረጃውን ሙሉት።

ከዚያ ተዉት። ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ቢያንስ አንድ ሳምንት አትፍቁት፣ ፖሊሽ አታድርጉት፣ ላቫጆም በከፍተኛ ግፊት ውሃ እንዳያስመታው ንገሩ። ጣት ሲነካው የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው።

ደረጃውን ማስተካከል

ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ቢያቆም አልቃወምም። ብረቱ ተዘግቷል፣ መልኩም ተመልሷል። ነጥቡ ጉብ ብሎ ከታየና ካስጨነቃችሁ ግን ተከታዩን አድርጉ።

ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ያን የእርሳስ ላጲስ አምጡና 2000 ቁጥር ወረቀት ለጥፉበት። ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ላርጎ አድርጉ። ወረቀቱን አርሱና ጉብታውን ብቻ በትንሽ ግፊት እሹ። ከአምስት ስድስት ማሸት በኋላ ጥረጉና እዩ። የሚወጣው ውሃ ነጣ ያለ ወተት ከመሰለ ክሊር እየተፋቀ ነው፤ ደህና ነው። የመኪናውን መልክ ከያዘ ወዲያው አቁሙ። ክሊሩ ከፀጉር የቀጠነ መሆኑን ያነሳሁት ለዚህ ነው። የቦዲው መታጠፊያ ጠርዞች ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ስስ ነውና እዚያ ወረቀት አታስነኩ።

ብርማ ቀለም ላይ ክሊር ሳይደረብ በፍጹም አትፍቁ። ቅንጣቶቹ ይከፈቱና ቦታው ነጣ ያለ ጠባሳ ይሆናል።

ጉብታው ሲጠፋ ፕላስተሩን አንሱና በ3000 ቁጥር አለሳልሱት። ከዚያ ፖሊሽ በማይክሮፋይበር አድርጋችሁ በእጅ አሹት። የደበዘዘው ክብ ቀስ በቀስ ብርሃኑ ይመለሳል። ማሽን አያስፈልግም። ሰም ለመቀባት ደግሞ አንድ ወር ጠብቁ፤ ቀለሙ የቀረውን ቲነር እንዲተነፍስ ነው።

ጋራዥ መሄድ ያለበት

ከአንድ ብር ሳንቲም የሚሰፋ፣ ላሜራው የተጎደጎደ፣ ወይም ቀለሙ ከሥሩ ያበጠ ከሆነ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ዘንድ ውሰዱት። ስትሄዱ ኮዱን ይዛችሁ ሂዱ። የተበጠበጠውን ቀለም ከመቀባቱ በፊት በሌላ ብረት ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ ውጭ ብርሃን ላይ ከመኪናው ጋር እንዲያስተያይላችሁ ጠይቁ። ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት መፋቁን በዓይናችሁ ሳታዩ ስቱኮ አይለጠፍበት። የተረፈውን ቀለም ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ከብልቃጡ ላይ ኮዱንና የተበጠበጠበትን ቀን ጽፋችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። የሚቀጥለው ጠጠር ሲመታ የትኛውን ቀለም እንደምትነኩ ታውቃላችሁ።